ፊደሏን አትጣላት፦ የሦስተኛ ደረጃ እኩልታ ሥሮችና የቡሬው ገንዳ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«መምህር፣ እኔ ቡሬ ብረታ ብረት ቤት ነው የምሠራው። አንድ ገበሬ ለከብት ማጠጫ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከአንድ ላሜራ እንድሠራለት ቀብድ ሰጠኝ። ላሜራው 2 ሜትር በ1 ሜትር ነው። አራቱን ጥግ እኩል ካሬ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ጎኖቹን ወደ ላይ አጥፌ እበይዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ጥጉ ስንት ሴንቲ ይቆረጥ የሚለውን 12ኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድሜ በእኩልታ ጻፈውና ኪዩቢክ ነው አለኝ። ስልክ ላይ ባለው ካልኩሌተር ስናስገባው ሦስት መልስ ሰጠን። አንዱ 1.08 ነው። ሁለቱ 0.21 ይሉና ከኋላቸው 0.047 እና አንድ ፊደል ይከተላል። 1.08 እንደማይሆን ገባን። ፊደሉን ትተን 21 ሴንቲ ቆረጥን። ገንዳው አልቆ ውሃ ስንሞላው 9 ባለ 20 ጀሪካን ገባ፣ 10ኛው ሳያልቅ ሞልቶ ፈሰሰ። ሰውየው አልረከብም አለ። የተሳሳትነው የቱ ጋ ነው? ወንድሜ ደግሞ ለኪዩቢክ እንደ ኳድራቲኩ ፎርሙላ የለውም ይላል። እውነት ነው?»

ስህተቱ ብየዳህ ላይ አይደለም። ወንድምህም እኩልታውን በትክክል ነው የጻፈው። ነገሩ የተበላሸው ፊደሏን ጥላችሁ 0.21ን ብቻ የወሰዳችሁ ጊዜ ነው። ፎርሙላ የለውም የሚለው ደግሞ ልክ አይደለም፤ አለው፣ ከታተመ 500 ዓመት ሊሞላው ነው። ብቻ ፎርሙላው መኖሩና ላንተ ሥራ የሚመች መሆኑ ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ እኩልታውን እንየው። የሚቆረጠው ካሬ ጎን የገንዳው ቁመት ይሆናል፤ «ቀ» እንበለው። ከሁለቱም ጫፍ ስለሚቀነስ ርዝመቱ 2 − 2ቀ፣ ስፋቱ 1 − 2ቀ ይሆናል። ሦስቱ ሲባዙ ይዘቱ ነው። 200 ሊትር ማለት 0.2 ሜትር ኩብ ስለሆነ፦

ቀ × (2 − 2ቀ) × (1 − 2ቀ) = 0.2

ተባዝቶ ሲዘረዘር 4ቀ³ − 6ቀ² + 2ቀ = 0.2 ይሆናል። «ቀ» ሦስት ጊዜ በራሱ ስለተባዛ ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ኪዩቢክ የሚባለውም ይሄው ነው።

አሁን ካልኩሌተሩን ለጊዜው ተወውና ቁመቱን እየቀያየርክ ይዘቱን ብቻ አስላ። 5 ሴንቲ ብትቆርጥ 85.5 ሊትር ይወጣል። 10 ሴንቲ 144 ሊትር። 15 ሴንቲ 178.5። 20 ሴንቲ 192። 25 ሴንቲ ስትደርስ ግን ወደ 187.5 ይወርዳል፣ 30 ላይ 168፣ 40 ላይ 96 ብቻ፣ 50 ላይ ዜሮ፤ ምክንያቱም 50 ከሁለቱም በኩል ከተቆረጠ 1 ሜትሩ ስፋት አልቋል። አየህ ነገሩን? ይዘቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጫፉ ያለው 21.1 ሴንቲ አካባቢ ሲሆን ከዚያ የሚገኘው ትልቁ ይዘት 192.45 ሊትር ነው። 200 የሚባል ነገር በዚህ መንገድ ላይ የለም። ላሜራውን በዚህ አቆራረጥ እስከ ማታ ብታገላብጠው አይወጣም።

ካልኩሌተሩ ይህንኑ ነበር የነገራችሁ። ያቺ ፊደል የምታመለክተው የኔጌቲቭ አንድን ስኩዌር ሩት ነው። ሜትር ዘርግተህ የምትለካው ቁጥር አይደለም። 0.21 ሲደመር 0.047 ከነፊደሏ አንድ ቁጥር ነው፣ አይከፈልም። ግማሹን ወስደህ ግማሹን ስትጥል የያዝከው ቁጥር እኩልታውን አያሟላም። በጀሪካን አይተኸዋል እኮ፤ 21 ሴንቲ 192.4 ሊትር ነው የሚይዘው፣ 9 ጀሪካን ከ12 ሊትር። ፊደል ያለበት መልስ ሁልጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዱ በመደመር አንዱ በመቀነስ። የገንዳ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ጥንድ ካየህ ትርጉሙ «እዚህ አካባቢ ተጠግቼ ነበር፣ ግን አልደረስኩም» እንደማለት ነው። ጫፉ 21.1 ሆኖ የጥንዱ ፊተኛ ክፍል 0.21 መሆኑም ከዚሁ መጠጋት የመጣ ነው።

1.08ስ? እሱ ሪል ቁጥር ነው፣ ማለትም ፊደል የሌለበት፣ እኩልታውንም በትክክል ያሟላል። አስገባው፦ ርዝመቱ 2 − 2.16፣ ማለትም −0.16 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ 1 − 2.16፣ ማለትም −1.16። ሁለቱ ኔጌቲቮች ሲባዙ ፖዘቲቭ ይሆኑና 200 ሊትር ቁጭ ይላል። እኩልታው ላሜራ አያውቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። «ቀ» ከ0 በላይ ከ0.5 በታች መሆን እንዳለበት የምታውቀው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ይህን ከመጀመሪያው ጻፈውና ከዚያ ውጭ የመጣውን ሥር፣ ማለትም የእኩልታውን መልስ፣ ሳታመነታ አውጣው። ማንኛውም ሪል ኮፊሸንት (የ«ቀ» አባዢ ቁጥር) ያለው ኪዩቢክ ቢያንስ አንድ ሪል ሥር አለው፤ ግራፉ በአንድ በኩል ከታች ተነስቶ በሌላ በኩል ወደ ላይ ስለሚሄድ የዜሮን መስመር የሆነ ቦታ ማቋረጡ የግድ ነው። ግን ያ የግድ የሆነው አንድ ሥር ላንተ ይጠቅማል ያለ የለም።

ወደ ወንድምህ ጥያቄ ልሂድ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ስለሆነ።

ትምህርት ቤት ኪዩቢክ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሥር ተደብቆበት ነው። ለምሳሌ ገንዳው 144 ሊትር ይሁን ቢባል 0.1 ልክ ይገባል። አንዴ 0.1 ከተገኘ እሱን አካፍለህ ታወጣና ኳድራቲክ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ እኩልታ፣ ይቀርልሃል፤ ቀ² − 1.4ቀ + 0.36። የእሱን ፎርሙላ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ 0.339 እና 1.061 ይሰጣል። ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ሥር የማይደበቅበት እኩልታ ሲመጣ ነው። ገንዳው 150 ሊትር ይሁን በለው። እኩልታው በሙሉ ቁጥር ሲጻፍ 80ቀ³ − 120ቀ² + 40ቀ − 3 = 0 ይሆናል። ክፍልፋይ ሥር ካለው ላይኛው ቁጥር 3ን፣ ታችኛው 80ን ማካፈል አለበት፤ ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም ስትቆጥር 40 የሚሞከር ቁጥር ይወጣል። አርባውንም ብትሞክር አንዱም አይሠራም። እዚህ ላይ ተማሪው «መልስ የለውም» ብሎ ይጽፋል። በየዓመቱ የማየው ነው፣ በየዓመቱም ያናድደኛል፤ መልሱማ አለ፣ ሦስት ነው፣ ብቻ በክፍልፋይ አይጻፍም።

ፎርሙላው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የካሬውን ክፍል ታጠፋለህ። የኛን እኩልታ ለ4 አካፍለህ «ቀ»ን በ «ተ + 0.5» ብትተካው የካሬው ክፍል ይጠፋና ተ³ − 0.25ተ − 0.05 = 0 ይቀራል። ይህ የ200 ሊትሩ ነው። ለ150 ሊትር ደግሞ ተ³ − 0.25ተ − 0.0375 = 0። ማንኛውም ኪዩቢክ እንዲህ ተቃልሎ ተ³ + መ×ተ + ነ = 0 ወደሚል መልክ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቁጥር ታሰላለህ፣ እኔ መለያ እለዋለሁ፦

መለያ = (ነ/2)² + (መ/3)³

ሥሩ ደግሞ፦

ተ = ∛(−ነ/2 + √መለያ) + ∛(−ነ/2 − √መለያ)

በ200 ሊትሩ ላይ እንሥራው። ነ/2 ሲባዛ በራሱ 0.000625 ነው። መ/3 ሦስት ጊዜ ሲባዛ −0.000579። ድምሩ 0.000046፣ ፖዘቲቭ። ስኩዌር ሩቱ 0.0068 ገደማ ነው። ስለዚህ ∛0.0318 እና ∛0.0182 ይደመራሉ፦ 0.3168 እና 0.2630፣ ድምር 0.5798። 0.5 ጨምርበት፣ 1.08 መጣ። ያው የስልክህ 1.08 ነው። መለያው ፖዘቲቭ ስለሆነ ሪል ሥሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከነፊደላቸው ናቸው። ስለዚህ ላሜራውን ሳትነካ፣ የመለያውን ምልክትና ያንን አንድ ሥር ብቻ አይተህ «አንድ ሪል ሥር፣ እሱም ከላሜራው ውጭ፣ ስለዚህ አይሆንም» ማለት ትችል ነበር።

መለያው ዜሮ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ብታሰላው ደግሞ 192.45 ሊትር ላይ ይመጣል። ጫፉ ማለት ነው። በኔ ዓይን የዚህ ፎርሙላ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ የሚቻለውና የማይቻለው የሚለያይበትን ድንበር ያሳይሃል።

አሁን 150 ሊትሩን ሞክር። 0.000352 ሲቀነስ 0.000579፤ መለያው −0.000227 ሆነ፣ ኔጌቲቭ። ተማሪው ኳድራቲኩን አስታውሶ «ስኩዌር ሩት ውስጥ ኔጌቲቭ ገባ፣ ሪል መልስ የለም» ይላል። ተገላቢጦሽ ነው! በኪዩቢክ መለያው ኔጌቲቭ ሲሆን ሦስቱም ሥር ሪል ነው። ፎርሙላው ግን እዚያ ለመድረስ የግድ በኔጌቲቭ ስኩዌር ሩት ውስጥ ያሳልፍሃል። ብዙ ሰው ፎርሙላው የተበላሸ የሚመስለው እዚህ ጋ ነው።

ፎርሙላውን ያገኙትንም ሰዎች ያስጨነቃቸው ይሄው ነበር። ከእነሱ በፊት ዑመር ኻያም፣ በ1131 ያረፈው የፋርስ ሊቅ፣ ኪዩቢክን በክብና በፓራቦላ መቆራረጥ ይፈታ ነበር፤ ግን በሥዕል እንጂ በፎርሙላ አይደለም። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ፎርሙላውን መጀመሪያ ያገኘው የጣሊያኗ ቦሎኛ ሰው ሺፒዮኔ ዴል ፌሮ ነው፣ ደብቆት ኖሮ በ1526 ሲሞት ምስጢሩ ተማሪው ፊዮር እጅ ነበር። ፊዮር በ1535 ታርታሊያ የሚባለውን ሌላ ጣሊያናዊ የሒሳብ ሰው ለውድድር ጠራው፤ እያንዳንዳቸው 30 ጥያቄ አቀረቡ፣ ታርታሊያ ዘዴውን በራሱ ደርሶበት ረታው። ታርታሊያ ፎርሙላውን የያዘው በግጥም አድርጎ ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ላደገ ሰው ይህ አይገርምም፤ በቃል የሚያዝ ነገር በግጥም ሲሆን ቃሉም አይጠፋም፣ ላልተነገረውም አይገለጥም። ካርዳኖ የሚባል የሚላኖ ሐኪም ለማንም አልናገርም ብሎ ምሎ በ1539 ያንን ግጥም ተቀበለው። በኋላ ዴል ፌሮ ቀድሞ እንዳገኘው ሲያውቅ መሐላው አያስረኝም ብሎ በ1545 አርስ ማግና በተባለው መጽሐፉ አሳተመው። ታርታሊያ ይህን እስኪሞት ይቅር አላለውም።

ያ የኔጌቲቩ ነገር ግን ካርዳኖንም አልተፈታለትም። ፈር ያስያዘው ራፋኤል ቦምቤሊ ነው፣ በ1572 ባሳተመው መጽሐፍ። ወንድምህ ወረቀት ይያዝና ይህን ይሥራ፤ ተ³ = 15ተ + 4። 4 ሥሩ እንደሆነ በዓይን ይታያል፤ 64 እኩል ነው 60 ሲደመር 4። በፎርሙላው ሲሠራ ግን ∛(2 + √−121) + ∛(2 − √−121) ይመጣል። አስፈሪ ይመስላል። ቦምቤሊ ያደረገው ምንድን ነው? የኔጌቲቭ አንድን ስኩዌር ሩት እንደማንኛውም ቁጥር አባዛው። 2 + √−1 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ልክ 2 + 11√−1 ይሆናል፣ ያ ደግሞ 2 + √−121 ራሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ኩብ ሩት 2 + √−1፣ ሁለተኛው 2 − √−1። ሲደመሩ ፊደሏ ተሰረዘች፣ 4 ቀረ። ያንተ ስልክ ላይ ያለችው ፊደል ይህቺው ናት። እዚህ ተሰርዛ የሄደችው በራሷ ሕግ ተባዝታ ተደምራ ነው፤ ማንም እጁን ሰዶ አልጣላትም። ያንተዎቹ ሥሮች ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቆይታለች፤ ስለዚህ የምትለው ነገር አላት።

በኔጌቲቭ ሳያልፉ ሦስቱን ሪል ሥር ለማግኘት ሌላ መንገድ አለ፤ የፈረንሳዩ ቪየት ያሳየው፣ ኮሳይንን የሚጠቀም። በ150 ሊትሩ ላይ አንድ አንግል ይወጣል፣ 38.79 ዲግሪ፤ ሲሦው 12.93 ነው። የ12.93 ኮሳይን በ0.57735 ሲባዛ አንዱን ሥር ይሰጣል፤ ከ12.93 ላይ 120 ስትቀንስ ሁለተኛውን፣ ሌላ 120 ስትቀንስ ሦስተኛውን። በየሥሩ ላይ 0.5 ስትመልስ 1.063፣ 0.3305 እና 0.1068 ሜትር ይመጣሉ። የመጀመሪያው ከላሜራው ውጭ ነው። ሁለቱ ግን ሁለቱም ይሠራሉ! 10.7 ሴንቲ ብትቆርጥ ሰፊና ዝቅ ያለ ገንዳ፣ 33 ሴንቲ ብትቆርጥ ጠባብና ጥልቅ ገንዳ፤ ሁለቱም 150 ሊትር። ለበግና ለጥጃ ዝቅ ያለው ይሻላል፣ ውሃው ቶሎ እንዳይሞቅና ቦታ እንዳይዝ የፈለገ ጥልቁን ይውሰድ። እሱን የሚመርጠው ደንበኛው ነው፣ እኩልታው አይመርጥልህም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ብረት ቤት ውስጥ ፎርሙላውን አትጠቀም። ረጅም ነው፣ ኩብ ሩት ውስጥ አንድ ምልክት ከተሳሳትክ ሁሉም ይበላሻል፣ ስህተቱንም በዓይን አታየውም። ያንተ መሣሪያ ማጋመስ ነው። መደመርና ማባዛት ብቻ ይበቃዋል፣ የተሳሳትክ እንደሆነም ወዲያው ያስታውቃል።

በ150 ሊትሩ እናድርገው። 10 ሴንቲ 144 ሊትር ነው፣ ያንሳል። 11 ሴንቲ 152.7 ነው፣ ይበልጣል። ስለዚህ መልሱ በ10 እና በ11 መሀል ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልገው። አጋምሰው፣ 10.5፤ 148.5 ሊትር፣ ያንሳል። እንግዲህ በ10.5 እና በ11 መሀል ነው። 10.75 ሞክር፤ 150.6፣ ይበልጣል። 10.7 ሞክር፤ 150.2። በቃ፣ ሜትርህ ከሚሊ በታች አያነብም፣ ግራይንደሩም ከዚያ በላይ ይበላል። አምስት ማባዛት ነው የፈጀብን። ወንድምህ በትምህርት ቤት ምልክቱ በተቀየረበት መሀል ሥር አለ ሲባል የተማረው ይህንኑ ነው፣ ብቻ ፈተና ላይ እንጂ ሥራ ላይ እንደሚጠቅም ማንም አልነገረው ይሆናል።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ማጋመስ የሚሠራው አንዱ ጫፍ አንሶ ሌላው ሲበልጥ ብቻ ነው። ከ10 እስከ 40 ሴንቲ ብለህ ብትጀምር 144 እና 96፣ ሁለቱም ያንሳሉ፤ መሀላቸው ላይ ግን ሁለት ሥር ተቀምጧል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ በ5 በ5 ሴንቲ ደርድረው፣ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ እይ፣ ከዚያ አጋምስ። ያንን ድርድር መጀመሪያ ሠርታችሁ ቢሆን ኖሮ 192 ላይ ሲቆም ታዩትና ላሜራው ሳይነካ ከደንበኛው ጋር ትነጋገሩ ነበር።

ሁለተኛ፣ ወንድምህ የኒውተንን ዘዴ ከየትም አንብቦ ሊያመጣልህ ይችላል። ፈጣን ነው፤ ከ10 ሴንቲ ብትጀምር በአንድ እርምጃ 10.65 ያደርስሃል። ግን ለተዳፋቱ እያካፈለ ነው የሚሄደው፣ ጫፉ አካባቢ ደግሞ ተዳፋት የለም፣ ሜዳ ነው። ለ150 ሊትር ከ21 ሴንቲ ብትጀምር የመጀመሪያው እርምጃ ወደ −4.4 ሜትር ይወረውርሃል። ከጫፉ ራቅ ብለህ ካልጀመርክ አትንካው።

ያው ሜዳ የሚጠቅምህ ጊዜም አለ። 20 ሴንቲ 192 ሊትር ነው፣ 21 ሴንቲ 192.4፣ 22 ሴንቲ 192.2። እዚያ አካባቢ አንድ ሴንቲ ብትስት ግማሽ ሊትር እንኳን አይለወጥም። ስለዚህ ደንበኛ ከዚህ ላሜራ የሚቻለውን ትልቁን በጥግ አቆራረጥ ሥራልኝ ካለህ 21 ብለህ ቁረጥ፣ ለሚሊ አትጨነቅ።

አሁን እጅህ ላይ ያለውን ገንዳ እናድነው። መሬቱ 1.58 ሜትር በ58 ሴንቲ ነው። የጎደለህ 8 ሊትር አይሞላም፤ በዚህ ስፋት ላይ 1 ሴንቲ ቁመት ብትጨምር 9 ሊትር ያመጣል። ግን ልክ በአፉ ድረስ የሞላ ገንዳ ከብት አፉን ሲያስገባ ይፈሳል፣ ስለዚህ 3 ሴንቲ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት በአፉ ዙሪያ በይድበት። ዙሪያው 4 ሜትር ከ32 ሴንቲ ነው። ይዘቱ ወደ 220 ሊትር ይወጣል፣ አፉም ይጠነክራል። ለሰውየው ይህን ነግረህ አስረክበው፤ የብረቱን ዋጋ አንተ ቻለው፣ ስህተቱ የእናንተ ነውና።

ለሚቀጥለው ደግሞ ጥግ መቁረጡን ተወው። እኩልታው አይሆንም ያለው ያንን አቆራረጥ ነው፣ ላሜራውን አይደለም። ከ2 ሜትሩ ርዝመት ጫፍ 25 ሴንቲ ቆርጠህ አውጣ። 1.75 ሜትር በ1 ሜትር ይቀርሃል። ይህን በርዝመቱ ከሁለቱም በኩል 25፣ 25 ሴንቲ አጥፈው፤ መሬቱ 50 ሴንቲ፣ ጎኖቹ 25 የሆነ ቦይ ይሆናል። ያወጣኸውን ባለ 25 ሴንቲ ቁራጭ መሀል ለመሀል ለሁለት ክፈለው፤ ሁለቱም 50 በ25 ይሆናሉ፣ የቦዩ ሁለት መዝጊያ ናቸው። ምንም የሚጣል ብረት የለም። 1.75 × 0.5 × 0.25፤ 218.75 ሊትር። ያው አንድ ላሜራ ነው! ዕዳው ብየዳ ይበዛል፤ በጥጉ አቆራረጥ የምትበይደው 84 ሴንቲ ገደማ ነበር፣ እዚህ ግን 2 ሜትር ሙሉ ነው፣ የሚያንጠባጥብበት ዕድልም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ሳትቀባው ውሃ ሞልተህ አሳድረው። 10 ጀሪካን ስታፈስበት ውሃው 22.9 ሴንቲ ላይ ይቆማል፣ ከአፉ 2 ሴንቲ ይቀረዋል።

ወንድምህ ደግሞ ይህን ይሥራልኝ። በዚህ አቆራረጥ ቁመቱ «ቀ» ቢሆን ይዘቱ ቀ × (1 − 2ቀ) × (2 − ቀ) ነው። 25 ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለ ገንዳ ፈልገን ልክ 200 ሊትር ይሁን ብንልስ? ይደርድረውና ያጋምሰው፤ ሦስት ሥር ያገኛል፣ ሦስቱም ሪል። አንዱ 2.03 ሜትር ገደማ ነው፣ ከላሜራው ይረዝማል። አንዱ 16 ሴንቲ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ መሬቱ 68 ሴንቲ ስለሚሆን ሁለቱ መዝጊያ 1.36 ሜትር ይፈልጋሉ፣ ቁራጩ ግን 1 ሜትር ብቻ ነው። የሚሠራው ሦስተኛው ነው። 30 ሴንቲ ላይ 204 ሊትር፣ 31 ላይ 199 ሊትር ነው፤ ከዚያ መሀል ሚሊ ሚሊውን እሱ ያግኘውና አንተ ላሜራው ላይ አስምርበት።